ቅጥረኛዋ ድመት

የቴዎድሮስ አደባባይ ሰው ከመድፍ ጋር ተጎራብቶ ስለሚኖር በቀላሉ አይደነግጥም። ዋናው ሴባስቶፖል መቅደላ አምባ ላይ ቀርቷል፤ የኛው ምስሉ ነው። ቢሆንም መድፍ መድፍ ነው፣ ያለበትን ሰፈር ያኮራል። ማታ ማታ ኮርኒሳችን ላይ የሚደረገውን ዘመቻ ግን እሱም ሊመክትልን አልቻለም።

የኛ ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነው። ማን እንደወጠረውና ማን ቀለም እንደቀባው የሚያስታውስ ሰው የለም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን አንዱ ከጓዳ በኩል ይነሣና ወደ ሳሎን ይሮጣል፤ ሌላው ይከተለዋል፤ ከዚያ ጭፈራው ይቀልጣል። አቡጀዲው እግራቸው ባረፈበት ሁሉ ወደ ታች እብጥ እያለ ስለሚመለስ፣ በጀርባው የተጋደመ ሰው ማን የት እንደደረሰ ቁልጭ አድርጎ ያያል። ባለቤቴ በእብጠቱ ትለያቸው ጀመር። “ይሄ ትልቁ ነው፤ ትናንት በጊዜ ነበር የገባው” ትለኛለች፣ ስለ አጎቷ የምታወራ ያህል።

አይጥ ድሮም ነበረን። የአሁኑ ግን በብዛቱም በጠባዩም ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ዶሮ ማነቂያና ሌሎቹ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ሰዉ ዕቃውን ጭኖ ወደተመደበለት ሰፈር ሄደ። ለአይጥ ምደባ አልወጣለትም። ዕድሜ ልኩን የኖረበት ግድግዳ ሲናድበት በሚያውቀው ቦይ ቁልቁል ወረደና ያልፈረሰ ጭቃ ቤት ሲያገኝ ገባ። እኛ ደግሞ ከቁልቁለቱ በታች ነን። የሰፈሩ ሰው “የልማት ተነሺዎቹ” ይላቸዋል።

የቤት ችግር ለኛ አዲስ አይደለም። ግቢያችን ስድስት አባወራ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ የመብራት ቆጣሪው አንድ። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሲመጣ የጀሪካኑ ኳኳታ የሞተ ይቀሰቅሳል። የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ምጣድ የሌለው ምጣድ ያለውን ይከስሳል፤ ምጣድ ያለው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ኳስ የሚያየውን። ጣሪያው ሐምሌን ሙሉ ያፈሳል፤ የትኛው ድስት የትኛው ጠብታ ሥር እንደሚቀመጥ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቃሉ። ይህን ሁሉ ተጣልተንም ታርቀንም ይዘነው ኖረናል። አይጦቹ ሽሮ ሲበሉ፣ ሳሙና ሲግጡም ችለናል።

የቀበሌ ቤት ኪራይ ደብተራችንን የበሉ ዕለት ግን ነገሩ ከጓዳ አልፎ ወደ ሕግ ገባ። ደብተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ከክርስትና ካርድ፣ ከጋብቻ ወረቀትና ከድሮ የመብራት ደረሰኝ ጋር ነበር የተቀመጠው። ሌላውን አልነኩም። ደብተሩን፣ ከደብተሩም የተከፈለባቸውን ገጾች ቆርጥመው ያልተከፈለበትን ተዉልን። አንድ ቢሮ ሄጄ ሳስረዳ ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ “አይጥ ለመብላቱ ምን ማስረጃ አለህ?” አለኝ። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ሲባል በተረት ሰምቻለሁ፤ ከማመልከቻ ጋር አያይዘህ አምጣ ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነው።

በድምፅ ማጉያ “የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ!” እያለ የሚዞረውን ልጅ ጠራነው። መርዙን እማማ አስከለከሉን፤ መርዝ የበላ አይጥ ኮርኒስ ላይ ይሞትና ሽታው እስከ መስቀል በዓል ይቆያል፣ ሕፃናትም አሉ ብለው። እማማ የግቢው አንጋፋ ናቸው፤ ያሉት ይሆናል። ስለዚህ ማጣበቂያ ገዛን። ማጣበቂያው የልጄን ነጠላ ጫማና የጎረቤታችንን የሻምበልን ከዘራ ያዘ።

ድመቷን ያመጣቻት ልጄ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹራቧ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ይዛ ገባችና “እማዬ አትቆጪ፤ ቤት የላትም” አለች። ከሹራቡ አንገት ግራጫ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ፣ ዓይኖቿ የማር ቀለም። ከላይ ከፍርስራሹ፣ ከቆርቆሮ ክምር ላይ ነው ያነሣቻት። የሆነውን መገመት አያዳግትም። የጭነት መኪናው ሲመጣ ቡፌው ተጫነ፣ አልጋው ተጫነ፣ የበረንዳው አበባ ሳይቀር ተጫነ፤ ድመት ግን ግርግር ስለማትወድ በዚያ ሰዓት የትም አልነበረችም። ነገሩ ሲረጋጋ ስትመለስ ቤት የለም። እሷም የልማት ተነሺ ናት ማለት ነው፤ ያውም ካሳ ያልተከፈላት።

በጋራ ግቢ ውስጥ ድመት ማስገባት የግል ውሳኔ ስላልሆነ ጉዳዩ ለሻምበል ቀረበ። ሻምበል ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ አሁን የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ማንኛውንም ነገር አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለው ካልተናገሩ የተናገሩ አይመስላቸውም። ድመቷን ዙሪያዋን ዞረው አዩአትና፦

“አንደኛ፣ ደሞዝ የለም፤ የያዘችውን ትበላለች። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ አታድርም። ሦስተኛ፣ ማንም እንዳያቅፋት። የታቀፈ ድመት አይሠራም። አንተ ልጅ፣ ልጅህን ንገራት!”

“እሺ ሻምበል፣ እነግራታለሁ” አልኩ። ልጄ አቅፋት ቆማለች።

እማማ ደግሞ ከድሮ የሰሙትን አከሉ። ውሻ “ጌታዬን ልጅ ስጠው፤ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲያጎርሰኝ እኖራለሁ” ብሎ ይጸልያል። ድመት ግን “ዓይኑን አጥፋልኝ፤ ሳያየኝ ከሌማቱ እበላለሁ” ትላለች። “እንግዲህ ይህችን ነው ያስገባችሁት” አሉና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ።

እኛ አገር እንስሳ ወደ ቤት የሚገባው በሥራ መደብ ነው። ውሻ ጥበቃ ነው፣ ድመት ተባይ መከላከል፣ ዶሮ ምርት፤ በግ እስከ በዓል ድረስ ጊዜያዊ ነው። ፍቅር የሚባል መደብ በመዋቅሩ ውስጥ የለም። ጃንሆይ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ እንደነበራቸው ሁሉም ያውቃል፤ ሉሉ ምንም የተሰጠው ሥራ አልነበረም። ግን እሱ ቤተ መንግሥት ነው። በቀበሌ ቤት ሥራ ፈት እንስሳ የሚያኖር ሰው ዕብድ ይባላል ወይም ውጭ አገር ኖሮ የመጣ።

ስም የሚያወጣላት የለም ብለን ነበር፤ ለቅጥረኛ ስም አይወጣምና። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን እማማ “እሜቴ ውሮ” ሲሏት ሰማሁ። የጎረቤታችን የሐጂ ቤት ልጆች “ሱልጣና” አሏት። በራችን ላይ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ “ሚሚ” ትላታለች። ከኋላ ክፍል የተከራዩት ተማሪዎች በአንድ የአውሮፓ ተከላካይ ስም ይጠሯታል። ሻምበል “ያቺ” ይላሉ። ለሁሉም ትመጣለች፤ በተለይ ሰሃን ሲንቀሳቀስ።

መጀመሪያ ሰሞን ተኛች። ድመት ከቀኑ ግማሽ በላዩን ተኝታ እንደምታሳልፍ የኋላ ኋላ ሰማን፤ በዚያን ጊዜ ግን ግቢው አጉረመረመ። ማታ ኮርኒሱ ይጨፈርበታል፣ እሷ ምድጃ ሥር ተጠቅልላለች። ሻምበል ከዘራቸውን አስደግፈው “ይህችማ ጡረታ ወጥታ ነው የመጣችው” አሉ። ራሳቸው በዚያ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እያንቀላፉ ነበር።

ከዚያ አንድ ሌሊት በአቡጀዲው ላይ ሰፊ፣ ቀስ የሚል እብጠት አየን። አይሮጥም። ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ይራመዳል። ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። የአይጦቹ ጭፈራ ቆመ። ቀጥሎ የሆነውን በድምፅ ብቻ ነው የተከታተልነው፤ አንዴ ከላይ የደረቀ ኖራ ፊቴ ላይ ረገፈ። ጠዋት ሻምበል በራቸውን ሲከፍቱ ክንድ የሚያህል አይጠ መጎጥ ጫማቸው ላይ ተጋድሟል፤ ድመቷ ከጎኑ እግሮቿን ገጥማ ተቀምጣ ቀና ብላ ታያቸዋለች። ሻምበል ሬሳውን አዩ፣ ድመቷን አዩ፣ “ሪፖርት ማቅረብ ታውቃለች” አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ “ያቺ” በሚሉበት ቦታ “ያቺ ልጅ” ተባለ።

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ኮርኒሱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ እንቅልፍ አጣች። “ትልቁ ምን ሆኖ ይሆን?” ትለኛለች ሌሊት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀበና ቡና ላይ ስንቀመጥ ወሬው ሁሉ ስለ ድመት ሆነ። አንድ ቀን የሰፈራችን ባለቤት ራሳቸው አፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶች እንደነበሯቸው አነሣሁ። የፈረንሳዩ ቆንስል ለዣን ንጉሡን በአንበሶች ተከበው ችሎት ሲቀመጡ የሚያሳይ ሥዕል በአውሮፓ አሳትሟል። ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ድመት ከተባለ እንዲህ ነው በሚል ስሜት። ከዚያ የዙላን ነገር ነገርኳቸው።

መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደቀች። የእንግሊዝ ጦር የንጉሡን መጻሕፍት፣ ዘውድና ታቦት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ ሰባት ዓመት የሆነውን ልዑል ዓለማየሁንም ይዞ ሄደ። ከዚያ ጦር ጋር አንዲት ድመትም ሳትሄድ አልቀረችም። ጎርደን ስቴብልስ የሚባል ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል ሐኪም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ስለ ድመት መጽሐፍ ሲያሳትም የአንዲቱን ሥዕል አወጣ። ስሟ ዙላ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ከመርከብ የወረደበት ወደብ ስም። ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ ከአቢሲኒያ የመጣች፣ የካፒቴን ባሬት-ሌናርድ ባለቤት ንብረት ይላል ጽሑፉ። ዛሬ “አቢሲኒያን” የሚባለው የድመት ዘር በዓለም ላይ ከታወቁት አንዱ ነው። እያንዳንዷ ፀጉሯ ላይ ደማቅና ፈዛዛ ቀለም ይፈራረቃል፤ ውጭ አገር አንዷ ግልገል ከሺህ ዶላር በላይ ትሸጣለች።

ሻምበል ሲኒያቸውን አስቀመጡ። “ካፒቴን በኛ ምንድን ነው?”

“ሻምበል ነዋ።”

“ሻምበል!” አሉ በሐዘኔታ። “ሻምበል ቢሰርቅስ ድመት ይሰርቃል?”

“ዘውዱን ሌሎቹ ቀድመው ወስደውት ይሆናል” አሉ ሐጂ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ስልኩን እየነካካ ቆይቶ ነገሩን አበላሸው። የዘር ተመራማሪዎች የዚያን የድመት ዘር ቀለም ቢከታተሉት መነሻው ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሳይሆን እንደማይቀር ይናገራሉ አለ። በመርከብ ዞራ ዞራ የመጣች ልትሆን ትችላለች።

“እንግዲህ ስማ” አሉ ሻምበል፣ “አንደኛ፣ ድመቷን ወሰዱ። ሁለተኛ፣ ስማችንን ለጥፈው ቸበቸቧት። ሦስተኛ፣ አሁን ደግሞ መጀመሪያም የናንተ አልነበረችም ይሉናል!” ድመቷ በዚህ መሐል የጀበናዋን ልጅ ወተት ገልብጣ እየላሰች ነበር። የመጣችበት አገር ያሳሰባት አትመስልም።

መብራት የሚጠፋበት ምሽት እሷ የምትፈለግበት ሰዓት ሆነ። ሻማ በራ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ፣ ሰው እርስ በርሱ መተያየት ግድ ሆነበት፤ ያኔ ልጄ ገመድ ትጎትታለች፣ ድመቷ ትዘላለች፣ የግድግዳው ላይ ጥላዋ ነብር ያክላል። የሐጂ ልጆች ይመጣሉ፣ ተማሪዎቹ ይመጣሉ። አንዳንዴ መብራት ሲመጣ “ወይኔ!” የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ፤ በዚህ ከተማ መብራት መጥቶ ማን ያዝናል ብላችሁ ነው? እኔም ጋዜጣ ሳነብ ጭኔ ላይ ትወጣለች። ከደረቷ የሚወጣው ኩርርርታ በሱሪዬ አልፎ ጉልበቴ ድረስ ይሰማኛል። ቁርጥማቴን ይሻለዋል ብዬ ነው የማስቀምጣት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ፈተናው የመጣው በሁዳዴ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሉካንዳው ተዘጋ፣ ዕቃው በእንዶድ ታጠበ፣ የፍስክ ድስት ወደ ቆጥ ወጣ። አይጥ ትብላ እንዳይባል አይጡ አልቋል ወይም ሸሽቷል፤ ሥራውን አሳምሮ የሠራ ሠራተኛ እንጀራውን እንደሚያጣ ያየሁት በእሷ ነው። እማማ አዘኑላትና ሽሮ ፈትፍተው ሰጧት። አሸተተችው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ በመዳፏ ወለሉን ወደ ሰሃኑ እየጫረች ልትቀብረው ሞከረች።

“ሽሮዬን ቀበረችው!” አሉ እማማ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዕድሩ ሽሮ በሳቸው እጅ ነው የተሠራው፤ እስካሁን ማንም እንዲህ አላደረጋቸውም።

እየከሳች ስትሄድ የእንስሳት ሐኪም ጋ ልንወስዳት ተስማማን። በዘንቢል አድርጌ ከላይዋ ነጠላ አስሬ ታክሲ ያዝኩ። ታክሲው ገና ከአደባባዩ ሳይርቅ ዘንቢሉ “ሚያው” አለ። ረዳቱ አንገቱን አዙሮ “ወንድሜ፣ ዘንቢሉ ወንበር ይዟል፤ ይከፍላል” አለኝ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ አማተቡ። ከኋላ አንዱ “ክፈል፣ የነፍስ ሂሳብ ነው!” አለ። ዘንቢሉን ጭኔ ላይ ባደርገውም ነጠላውን ቀዳ አንዱን እጇን አወጣችና የሴትዮዋን የሻሽ ጫፍ ያዘች። ጥቁር አንበሳ እስክንደርስ ሻሹን ስናስለቅቅ ቆየን።

ሐኪሙ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ወጋት። ድመትም እንደምትታመምበትና ወደ ሰው እንደምታስተላልፍ ሲነግረኝ በልጅነታችን ፓስተር እየተመላለሰ ሆዱ ላይ ይወጋ የነበረው የሰፈራችን ልጅ ታወሰኝና ሂሳቡን ሳልከራከር ከፈልኩ። ወተት ለአዋቂ ድመት ሆድ አይስማማም፣ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል አለኝ። ስለ ሽሮው ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፤ ሰውነቷ በበቂ ስለማያመርተው ከሥጋና ከዓሣ ነው የምታገኘው። ያን ለረጅም ጊዜ ያጣች ድመት ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗም እየፈዘዘ ይታወራል። የዓይኑን ነገር ሳይንቲስቶች ያረጋገጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ነው።

ቤት ገብቼ ለእማማ ተናገርኩ። ድመት “ዓይኑን አጥፋልኝ” ትላለች ያሉት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ነገሩ ተገልብጦ በኛ ጾም የምትታወረው እሷ ሆነች። እማማ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። “ጾሙ የታዘዘው ለሰው ነው” አሉ በመጨረሻ፣ “ግን በኔ ዕቃ አይሆንም።”

የሐጂ ቤት ችግሩን ለማቃለል ሞከረ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ድመቷ በራቸው ላይ ትገኛለች፤ ከሾርባው ሥጋ፣ ከሳምቡሳው የተፈጨው ይደርሳታል። የሐጂ ባለቤት ድመት በእስልምና ንጹሕ ናት፣ ቤት ውስጥ ብትዞር ነውር የለውም ብለው ምንጣፉ ላይ ያስቀምጧታል። “ሃይማኖቷን ቀየረች” አሉ እማማ፤ ሲቆጡ ግን አልሰማሁም።

ቀን ቀን ማን እንደሚያበላት አናውቅም ነበር። ወዲያው ሌላ ወሬ ስለመጣ ማንም አልጠየቀም። ሻምበል ጾም ገደፉ ተባለ። የጀበና ቡናዋ ልጅ ናት ያየቻቸው፤ በጠራራ ፀሐይ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለው ሲወጡ። አንድ ጊዜ ቢሆን ለእንግዳ ነው ይባላል። በሳምንቱ ደገሙት። የዕድር ዳኛ! በሁዳዴ! እማማ አራት ቀን ሰላምታ ነፈጓቸው፤ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሰው ሊልኩም አስበው ነበር። ሻምበል አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ አይከራከሩም፣ አንደኛ ሁለተኛ አይሉም።

አንድ ቀን እማማ በሻምበል ቤት ጀርባ ልብስ ሊያሰጡ ሲያልፉ ሻምበል በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ በቢላ ጥሬ ሥጋ በቀጭን በቀጭኑ ይከትፋሉ። ድመቷ ጉልበታቸው ላይ ሁለት እጇን አሳርፋ ትጠብቃለች። “ቀስ፣ ቀስ፣ ጅማቱን ላውጣልሽ” ይሏታል። እማማ ሳል አሰሙ።

ሻምበል ቀና አሉ። ድመቷን ከጉልበታቸው ገፋ አደረጉና “እኔ በልቼ የተረፈኝን ነው የምሰጣት!” አሉ።

ጾም ገዳፊ መባልን መረጡ ማለት ነው። እማማ ይህንን ሲያወሩልን ከሳቃቸው የተነሣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ራሳቸው ገና ሳይፈስኩ የዶሮውን ጉበት ይዘው ወደ ግቢው ወጡና “እሜቴ ውሮ!” ሲሉ በመስኮት አየኋቸው። በራሳቸው ሰሃን ነበር።

ሐኪሙ እንድትመክን ቢመክርም እማማ የእግዜር ሥራ ውስጥ አትግቡ ስላሉ ቀርቷል። በግንቦት ሻምበል ሳንዱቃቸውን ሲከፍቱ የክብር ካፖርታቸው ላይ አራት ዓይናቸው ያልተገለጠ ግልገሎች አገኙ፤ ሁለት ግራጫ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭና ጥቁር። እኛ ቁጣ ጠብቀን ነበር። “ካፖርቱ ድሮም ብል በልቶታል” አሉና ሳንዱቁን ክፍቱን ተዉት። ቤት ውስጥ አታድርም የሚለው ሁለተኛው አንቀጽ በዚያው ተሻረ።

ሐምሌ ሲገባ ግልገሎቹ ጎረሱ፣ ሮጡ፣ የተማሪዎቹን ካልሲ ጎተቱ። ወሬው ከግቢያችን ወጥቶ ስለነበር አይጥ ያስቸገረው የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ ይሰጠን ይል ጀመር። ሥጋ ቤቱ ጠየቀ፣ ዳቦ ቤቱ ጠየቀ፣ የጀበናዋ ልጅ ጠየቀች፣ ሐጂ ጠየቁ። አራት ድመት ለዚያ ሁሉ ሰው አይዳረስም። ሻምበል በኮንዶሚኒየሙ ደንብ በዕጣ ይሁን ብለው ወሰኑ፤ ስሞቹን ራሳቸው ጻፉ፣ ራሳቸው አጣጠፉ፣ የድሮ ቆባቸው ውስጥ ራሳቸው ጨመሩ። እሳቸው ፈላጊ እንዳልሆኑ፣ ድመት የሚያስፈልገው ሥራ ላለው ቤት ብቻ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ተናገሩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ታዛ ሥር ተሰበሰብን። ልጄ ዓይኗን በሻርፕ ታስራ እጇን ወደ ቆቡ አስገባች። የመጀመሪያው ወረቀት ወጣ። እማማ ለሐጂ ሰጡት፣ ሐጂ አነበቡ፦ “ሻምበል።”

“ለቁጥር ማሟያ ያስገባሁት ነው” አሉ ሻምበል፣ “ይቀጥል።”

ሁለተኛው ወጣ። “ሻምበል።” ሥጋ ቤቱ ሳቀ። ሦስተኛው ወጣ። “ሻምበል።” አሁን ማንም አልሳቀም። አራተኛውን ሐጂ ሳይገልጡት ለእማማ መለሱላቸው፤ እማማ ገለጡት፣ ራቅ አድርገው ያዙት፣ አቀረቡት።

“ሻምበል፣ ይሄ ምን የሚሉት ዕጣ ነው? እስቲ የቀረውን ወረቀት አሳዩን!”

“አንደኛ” አሉ ሻምበል፣ “ዕጣው የወጣው ታዛቢ ባለበት ነው። ሁለተኛ፣ ሕፃን ልጅ ናት ያወጣችው። ሦስተኛ፣ ከእናታቸው መለየት ለሥራ ውጤታማነት አይበጅም።”

“ይደገም!” አለ ዳቦ ቤቱ። “ይደገም!” አሉ ተማሪዎቹ።

ሻምበል ቆቡን ከነወረቀቱ አንሥተው ራሳቸው ላይ ደፉና ጃንጥላቸውን ዘረጉ። “ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ” ብለው ሉካንዳው ሳይዘጋ ሊደርሱ ወደ መንገዱ ወጡ።